ስለ ባሕር ኃይል አዛዡ ስለ ዪ ሱን ሺን በወርኃዊ ስብሰባችን የተሰማ ንግግር

(ከዚህ በታች የተለጠፈው የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ያሰሙት ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ ሲባል ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ ከጤና ጣቢያ የመጡት ነርስ ስለ ደም ግፊት አስተምረውናል። የዛሬው ተራ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በመሆኑ ምን እናቅርብ ብለን ስንመካከር የወጣቶች ክፍላችን አንድ ጥያቄ አመጣልን። ልጆቻችን የኮሪያ ፊልም እንደሚወዱ ታውቃላችሁ። ከጎረቤታቸው ስም ይልቅ የኮሪያን ተዋናዮች ስም አጣርተው ያውቃሉ። ታዲያ አንድ ቀን ማታ በማኅበሩ ቴሌቪዥን አንድ የባሕር ጦርነት ፊልም አይተው ሲያበቁ ክርክር ተነሣ። 13 መርከብ ይዞ 133 መርከብ የመለሰ ሰው በእውነት ነበር ወይስ የፊልም ሰዎች የፈጠሩት ነው? ግማሹ ነበር አለ፣ ግማሹ ውሸት ነው አለ። በነጋታው ጽሕፈት ቤት ድረስ መጥተው እናንተ ፍረዱን አሉን።

እኛም ያልመረመርነውን አንፈርድም ብለን፣ ጠይቀንና አንብበን ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል። ሰውየው ነበረ። ስሙ ዪ ሱን ሺን ይባላል፤ የኮሪያ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። የኖረው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1545 እስከ 1598 ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛን ስንጠራ ዓ.ም. ብለን እንለያለን፣ እንዳትደናገሩ። በእኛ አገር ያ ዘመን አፄ ሠርፀ ድንግል የነገሡበት ነበር። እሳቸውም በሰሜን በኩል ከባሕር ከመጣው የቱርክ ጦር ጋር ሲዋጉ ኖረዋል።

እኛ ሰፈር ባሕር የለም፤ ያለን ክረምት በመጣ ቁጥር አጥር የሚወስድብን ወንዝ ብቻ ነው። ስለ ባሕር ኃይል ምን አገባችሁ የሚል ይኖር ይሆናል። ኮሪያ ግን ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። በ1943 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው ቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ የወረደው ፑሳን በሚባለው የኮሪያ ወደብ ነው። በየተራ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ከ6,000 ይበልጣሉ። በሰፈራችንም የኖሩ የኮሪያ ዘማች አባቶች ነበሩ፤ ሲያጫውቱን ከጥይቱ ይልቅ ብርዱን ያነሡ ነበር። እንግዲህ እነሱ የወረዱበት ያ ፑሳን፣ ከዚያ 359 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1592 የጃፓን ጦር ኮሪያን ሊይዝ የወረደበት ወደብ ነው።

ዪ ሱን ሺን የተወለደው ዛሬ ሴኡል በምትባለው ከተማ ነው። ዘሩ የመኳንንት ቢሆንም ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም፤ ኋላም ከዋና ከተማው ወጥተው አሳን በሚባል አገር ኖሩ። ጎልማሳ ሆኖ በ1572 ለውትድርና መኮንንነት ፈተና ቀረበ። ፈተናው በፈረስ ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርን ይጨምር ነበርና እየጋለበ ሳለ ፈረሱ ጣለው፤ እግሩም ተሰበረ። ሰው ሁሉ ሞተ ብሎ ሲያየው ተነሣ፣ ከአጠገቡ ከነበረ የአኻያ ዛፍ ልጥ ልጦ እግሩን አሰረና ፈተናውን ጨረሰ። አላለፈም! ጨርሶም ወደቀ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1576 እንደገና ቀርቦ አለፈ። ያን ጊዜ 31 ዓመቱ ነበር፤ ለጀማሪ መኮንን ዕድሜው የገፋ ነው። በዕድሜያችን ምክንያት የማታ ትምህርት የምናፍር ይህን ብንሰማ አይከፋም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሹመቱና ሽረቱ ብዙ ስለሆነ ሁሉን አናወራም። ሁለቱን ብቻ እንንገራችሁ።

አንደኛው የዛፉ ነገር ነው። በ1580 ገደማ ባልፖ በሚባል ትንሽ የባሕር ኃይል ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ሳለ የበላይ አዛዡ ሰዎች ልኮ፣ በጣቢያው ግቢ ያለውን የኦዶንግ ዛፍ ቆርጣችሁ አምጡልኝ አለ። የዚህ ዛፍ እንጨት ለዜማ መሣሪያ ይሆናል፤ አዛዡም እንደ በገና ያለ ባለ ክር መሣሪያ ሊያሠራበት ፈልጎ ነው። ዪ ሱን ሺን ዛፉ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ብዙ ዘመን የቆየ ነው፣ ለአንድ ሰው ጉዳይ አይቆረጥም ብሎ የተላኩትን ባዶ እጃቸውን መለሳቸው። አዛዡ በጣም ተቆጣ፤ ዛፉን ግን አልቆረጠም። በዚህ ጠባዩ ዪ ሱን ሺን ወዳጅ አላበዛም። የማኅበሩን አምስት የፕላስቲክ ወንበር ለአንድ ሳምንት ተዋሱና ለሁለት ዓመት ረሱ የምንባባለው እኛ፣ ከሰው ጋር ሳይጋጩ የጋራ ንብረት መጠበቅ እንደማይቻል ለምደነዋል።

ሁለተኛው በሰሜን ጠረፍ የደረሰበት ነው። በ1587 ኖክዱን በምትባል ደሴት ላይ ጥቂት ወታደር ይዞ የእርሻ ቦታ እንዲጠብቅ ተመደበ። ወታደሩ አይበቃም፣ ጨምሩልኝ ብሎ ለበላዩ ጻፈ፤ አልተጨመረለትም። ጠላት መጣ፣ ሰው ገደለ፣ ሰው ማረከ። ዪ ሱን ሺን ተከታትሎ ከተማረኩት ውስጥ ብዙዎቹን አስመለሰ። የበላዩ ግን ጥፋቱን በሙሉ በእሱ ላይ ጣለ፤ ማዕረጉም ተገፎ ተራ ወታደር ሆነ። ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ይመጣል።

በ1591 ሪዩ ሶንግ ሪዮንግ የሚባል ከልጅነቱ የሚያውቀው ሚኒስትር ይህ ሰው ይችላል ብሎ ለንጉሡ አቀረበውና በደቡብ በኩል ዮሱ በሚባለው ወደብ የባሕር ኃይል አዛዥ ሆነ። ዕድሜው እንደ እኛ በአርባዎቹ ውስጥ ነበር። አገሩ ሰላም ነው እየተባለ ሌላው ሲተኛ እሱ መርከብ ያስጠግናል፣ ባሩድ ያዘጋጃል፣ የመጋዘኑን ዕቃ ያስቆጥራል፣ ሥራውን ያልሠራውንም ይቀጣል። ና ዴ ዮንግ ከሚባል መኮንን ጋር ሆኖም የኤሊ መርከብ የሚባለውን አሠራ። የኤሊ መርከብ በስሙ ከዚያ በፊትም የታወቀ ስለነበር እሱ ፈጠረው ማለት ልክ አይደለም፤ እሱ ለውጊያ እንዲሆን አድርጎ አሠራው እንጂ። ይህ መርከብ ጀርባው እንደ ኤሊ በክዳን የተዘጋ ነው። በክዳኑ ላይ የሾለ ብረት ተተክሎበታል። ከፊቱ የዘንዶ ራስ አለው፣ በዙሪያው ደግሞ መድፍ የሚተኮስበት ቀዳዳ አለው። የጃፓን ወታደሮች ስልት ወደ ጠላት መርከብ ተጠግቶ፣ ዘሎ ገብቶ በሰይፍ መዋጋት ስለነበር በዚህ ክዳን ላይ ማን ይዘላል?

ዪ ሱን ሺን መድፉን በኤሊው መርከብ ላይ ተኩሶ የሞከረበትን ቀን ጽፎታል። በነጋታው የጃፓን ጦር ፑሳን ደረሰ።

እንዴት ታወቀ ብትሉ፣ ሰውየው መዝገብ ይይዝ ነበር። እኛ ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የያዘው ይህ ነው። ከ1592 መጀመሪያ ጀምሮ ሊሞት ሁለት ቀን እስኪቀረው ድረስ የዕለት ማስታወሻ ጽፏል። በመጀመሪያ የአየሩን ነገር ይጽፋል፤ ጠራ፣ ዘነበ፣ ነፋስ ነበር ይላል። ከዚያ ማን እንደመጣ፣ ማን ምን ትእዛዝ እንደተሰጠው፣ ማን ምን አጥፍቶ ስንት እንደተገረፈ፣ ስንት ቀስት እንደወረወረ፣ እሱ ራሱ ሆዱን አሞት ሌሊቱን ሳይተኛ ማደሩን፣ ስለ እናቱ ማሰቡን ይጽፋል። በጦርነት መካከል እየጻፈ ይህን ያህል ዓመት መቆየት ቀላል አይደለም። ያስቀራቸው ሰባት ጥራዞች ዛሬም በአሳን ይገኛሉ፤ በ2013 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ከሚላቸው ጽሑፎች ጋር መዝግቧቸዋል። ቃለ ጉባኤ መጻፍ ሥራ አይደለም የሚሉን አባላት እዚህ ላይ ጆሮ ይስጡን።

የጃፓን ገዥ የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሐሳቡ ኮሪያን አልፎ ቻይናን መያዝ ነበር። ጦሩ በየብስ በኩል እንደ ጎርፍ ሄደ፤ ሴኡል በሦስት ሳምንት ውስጥ ተያዘች፣ ንጉሥ ሶንጆም ወደ ሰሜን ጠረፍ ሸሸ። በባሕር በኩል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ዪ ሱን ሺን በዚያው ዓመት ኦክፖ ላይ፣ ሳቾን ላይ፣ ሌላም ቦታ ገጥሞ አሸነፈ። ሳቾን ላይ በግራ ትከሻው ጥይት ተመትቶ ውጊያው እስኪያልቅ ለማንም አልተናገረም ይባላል። በነሐሴ ወር ደግሞ በሃንሳን ደሴት አጠገብ 73 መርከብ ያለውን የጃፓን ጦር በጥቂት መርከቦች አታልሎ ከጠባብ ቦታ ወደ ሰፊ ባሕር አስወጣው። የሸሹ የመሰሉት መርከቦች ድንገት ዞሩ፤ ሌሎቹም ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ በግራና በቀኝ ከበው መድፍ ለቀቁ። ከ73ቱ 59ኙ ወይ ተሰበሩ ወይ ተማረኩ። በዚህ ምክንያት በየብስ ወደ ሰሜን የሄደው የጃፓን ጦር በባሕር ይመጣልኛል ያለው ስንቅና ተጨማሪ ኃይል ሳይደርስለት ቀረ። በ1593 ዪ ሱን ሺን የሦስቱ ደቡባዊ አገሮች ባሕር ኃይል ሁሉ ዋና አዛዥ ተደረገ፣ ሰፈሩንም በሃንሳን ደሴት አደረገ።

እዚያ ያሳለፋቸውን ዓመታት ፊልሙ አያሳይም አሉ ልጆቹ። ለእኛ ግን ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለናል። ጦርነቱ በድርድር ቆሞ ነበር፤ መንግሥት ገንዘብም እህልም የለውም፤ በሰፈሩ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ባሕረኛ ሞተ። ዪ ሱን ሺን ወታደሩን መሬት አሳረሰ፣ ከባሕር ውሃ ጨው አስፈላ፣ ዓሣ አስጠምዶ በእህል አስለወጠ። ከጦርነት የሸሹ ስደተኞችን በደሴቶቹ ላይ አስፍሮ እንዲያርሱ አደረገ። መርከብም ያሠራ ነበር። ጎተራው እየሞላ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ነው ወሬው የመጣው።

ዮሺራ የሚባል በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ነበር፤ ለጃፓኖችም ለኮሪያዎችም ወሬ ያመላልሳል። በ1597 መጀመሪያ ላይ፣ ካቶ የተባለው የጃፓን የጦር አለቃ በዚህ ቀን በዚህ በኩል ባሕሩን ይሻገራል፣ ጠብቃችሁ ያዙት ብሎ ለኮሪያ ሹማምንት ነገረ። ከቤተ መንግሥት ውጣና ያዘው የሚል ትእዛዝ ወጣ። ዪ ሱን ሺን ግን ጠላት በሰጠን ወሬ ተመርተን መርከቦቻችንን ሁሉ ድንጋይ ወደበዛበትና ጠላት ወደሚያደፍጥበት ባሕር ይዘን አንገባም ብሎ ቆየ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባል የለ? እሱ መላ ጨመረ። በቤተ መንግሥት ያሉት ግን አልጨመሩም። ካቶ በሰላም ገባ፣ ጥፋቱ የዪ ሱን ሺን ነው ተባለ። ከፊትም የሚጠሉት ነበሩ። በሹመት ቀድሞኝ ሄደ ብሎ የተቀየመ ዎን ጊዩን የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን፣ እኔ ብሆን ወጥቼ እገጥም ነበር እያለ ወደ ላይ ይጽፍ ነበር። ንጉሡም ከእሱ ስም በላይ የዪ ሱን ሺን ስም መነሣቱ አልተመቸውም። ዪ ሱን ሺን እንዲያዝና በቦታው ዎን ጊዩን እንዲሾም ታዘዘ።

ሊያዝ የመጣበት ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ቁልፉን ወርውሮ ይሄዳል። ዪ ሱን ሺን ንብረቱን በቆጠራ አስረከበ። የወንድሙ ልጅ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ ቁጥሩን አስቀርቶልናል። 9,914 ሶክ እህል (ሶክ የእነሱ ትልቅ ስፍር ነው)፣ 4,000 ግን ባሩድ (አንዱ ግን ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል)፣ ደግሞም 300 መድፍ። መድፉ በየመርከቦቹ ላይ ከተጫነው ሌላ ነው። ይህን አስረክቦ ታስሮ ሄደ። የሕዝቡ ለቅሶ በየመንገዱ ነበር ይላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ሰሞኑን በሰፈራችን ስለ አንድ የማኅበሩ ንብረት ጠባቂ የሚወራውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ስም አንጠራም፣ አያስፈልግምም። ቆርቆሮ ጎደለ ተብሏል፣ ድንኳን ተከራየ ተብሏል፤ ቡና ላይ የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ መስጊድ ደጃፍ ደርሷል። ልጆቹም በመንገድ እየተጠቆሙ ነው። ኮሚቴው ቆጠራ እንዲደረግ ወስኗል፤ ከቆጠራው በፊት ይውረድ ብላችሁ ፊርማ ያሰባሰባችሁ አባላት ወረቀታችሁ ደርሶናል፣ ፋይል ውስጥ አለ። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ዪ ሱን ሺን በሴኡል ወኅኒ ታሰረ፣ ተገረፈ፣ ተሠቃየ። ሞት ሊፈረድበት ነበር። ጆንግ ታክ የሚባል ሽማግሌ ባለሥልጣን ደፍሮ ለንጉሡ ጻፈ፤ እንዲህ ያለ አዛዥ በጦርነት መካከል አይገደልም አለ። በዚህ ዳነና ለሁለተኛ ጊዜ ማዕረጉ ተገፎ በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል ተለቀቀ። እናቱ ከ80 ዓመት ያለፋት ነበረች። ልጄ ተፈታ ስትባል ከደቡብ በጀልባ ተሳፍራ ልታገኘው መጣች፤ በባሕር ላይ ሞተች። እሱ በመንገድ ሳለ ወደ ባሕሩ ዳር ሮጦ አስከሬኗን ተቀበለ። በእነሱ አገር ወግ ለወላጅ ረጅም ሐዘን መቀመጥ ግዴታ ነው፤ የሚጠብቁት ወታደሮች ግን ና እንሂድ ብለው አስቸኮሉት። ሳይቀብራት ሄደ።

ዎን ጊዩንስ? ፈሪ ሰው አልነበረም፣ ይህን መካድ ልክ አይደለም። ነገር ግን ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ባሕሩን ሲያየው፣ በየብስ ያለው ጦር ካልረዳን በባሕር ብቻ ፑሳን ላይ መሄድ አይቻልም ማለት ጀመረ። ይህ ዪ ሱን ሺን ከታሰረበት ነገር ጋር አንድ አይደለም እንዴ? አሁን ግን የሚሰማው አጣ። የበላዩ የነበረው ጄኔራል አስጠርቶ አስገረፈውና ውጣ አለው። ያለውን መርከብ ሁሉ ይዞ ወጣ። በ1597 ነሐሴ ወር ቺልቾን በሚባል የባሕር መተላለፊያ ሌሊት ጃፓኖች ከበቡትና የኮሪያ ባሕር ኃይል በአንድ ሌሊት አለቀ። ከ100 በላይ መርከብ ጠፋ፤ ስንቱ ባሕረኛ እንደሞተ እግዜር ይወቀው። ዎን ጊዩንም ሞተ። በሃንሳን ደሴት ያ ሁሉ እህል፣ ያ ሁሉ ባሩድ፣ በቆጠራ የተረከበው ሁሉ ለጠላት እንዳይደርስ በገዛ ሰዎቹ ተቃጠለ። የቀረው ቤ ሶል የሚባል መኮንን ከውጊያው ይዞ የሸሻቸው 12 መርከቦች ናቸው።

ንጉሡ ዪ ሱን ሺንን እንደገና ሾመው። ከሹመቱ ጋር መርከብም፣ ገንዘብም፣ ወታደርም አልተሰጠውም። በጥቂት ሰዎች ታጅቦ በየመንደሩ እየዞረ ሹማምንት ጥለውት ከሸሹት መጋዘን ቀስትና እህል ለቀመ፣ የተበተኑ ባሕረኞች ሰበሰበ። በዚህ መካከል ከቤተ መንግሥት፣ ባሕር ኃይሉ እጅግ ደክሟልና ተወው፣ ወደ የብስ ጦር ግባ የሚል ደብዳቤ መጣ። የመለሰው መልስ በኮሪያ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ 12 መርከብ አሁንም አለን ብሎ ጻፈ። ቂም ያዘ የሚያሰኝ አንድ ቃል በደብዳቤው ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ክርክር ደረስን። በኮሪያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በጂንዶ ደሴትና በዋናው ምድር መካከል ሚዮንግኒያንግ የሚባል ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ። ስፋቱ በጠባቡ በኩል 300 ሜትር ያህል ነው። ውሃው እንደ ክረምት ወንዝ ይጋልባል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። የሚገርመው ደግሞ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይለውጣል። አሁን ወደ እናንተ የሚገፋው ውሃ ኋላ ወደ ጠላታችሁ ይገፋል። ዪ ሱን ሺን ይህን ቦታ መረጠ። ሰፊ ባሕር ላይ ቢገጥም ይከበባል፤ እዚህ ግን 133ቱ በአንድ ጊዜ ሊገቡ አይችሉም።

በ1597 ጥቅምት 26 ቀን ጃፓኖች በሚመቻቸው ውሃ ላይ ሆነው ገቡ። የዪ ሱን ሺን መርከቦች 13 ሆነው ነበር። አሥራ ሁለቱ የጠላትን ብዛት አይተው ወደ ኋላ ቀሩ። እሱ ራሱ በማስታወሻው ጽፎታል፤ የእኔ መርከብ ብቻዋን ከፊት ቀረች ይላል የነገሩ ሐሳብ። ብቻዋን መልሕቋን ጥላ፣ በመድፍና በቀስት ስትዋጋ ቆየች። የኮሪያ መርከብ ከጃፓኖቹ ይልቅ ወፍራምና ከፍ ያለ፣ መድፉም ብዙ በመሆኑ ጠላት በቶሎ ሊወጣበት አልቻለም። ዪ ሱን ሺን ባንዲራ አውጥቶ የቀሩትን ጠራ። አን ዊ የሚባለው መኮንን ሲጠጋ፣ ሸሽተህ የት ትኖራለህ፣ በሕግ ልትሞት ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጮኸበት። አን ዊም ዘሎ ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከጊዜ በኋላ ውሃው ዞረ። ጠባቡ ቦታ ላይ የተጨናነቁት የጃፓን መርከቦች እርስ በርሳቸው ይጋጩ ጀመር። ኩሩሺማ የተባለው አዛዣቸው ሞተ፤ 31 መርከብ ተሰበረ፣ የተቀሩት ተመለሱ። ከ13ቱ አንድ መርከብ አልጠፋም። በ1592 እንደሆነው ሁሉ አሁንም ጃፓኖች በምዕራቡ ባሕር በኩል መንገድ ሳያገኙ ቀሩ።

ስለዚህ ልጆች፣ ቁጥሩ ፊልም የፈጠረው አይደለም፤ ሰውየው ራሱ በዚያው ማታ የጻፈው ነው። ሰንሰለት በባሕሩ ላይ ዘርግቶ ነበር የሚባለውንና ሌላውን ማጋነን ግን እኛ አላመንበትም፤ በማስታወሻው ውስጥ የለም። ፊልሙ በ2014 ወጥቶ በኮሪያ ብቻ ከ17 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ያየው ነው። ፊልም ነውና ይጨምርበታል።

ከድሉ በኋላ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣለት። የሦስተኛው ልጁ የምዮን ሞት መርዶ ነበር። ጃፓኖች አሳን ድረስ ሄደው ቤቱን ሲያጠቁ ልጁ ሲዋጋ ተገደለ፤ ገና ወጣት ነበር። አዛዡ በወታደሮቹ ፊት ማልቀስ ስላልቻለ በሰፈሩ ውስጥ ካለ የአንድ ጨው ሠሪ ቤት ገብቶ እዚያ እንዳለቀሰ ጽፏል። እናንተ እናቶች ይህን ስትሰሙ ከንፈር መጠጣችሁ፤ እኛም ስናነበው እንዲሁ ሆነናል።

በ1598 ሂዴዮሺ ሞተና ጃፓኖች ጦራቸውን ወደ አገራቸው ለመመለስ ወሰኑ። ዪ ሱን ሺን ቸን ሊን ከሚባለው የቻይና አዛዥ ጋር ሆኖ በኖሪያንግ የባሕር መተላለፊያ ታኅሣሥ 16 ቀን ከንጋት በፊት ገጠማቸው። የመጨረሻው ትልቁ ውጊያ ነው፤ የጃፓን መርከቦች በብዛት ተሰበሩ። በዚህ መካከል ጥይት መታው። አጠገቡ ትልቁ ልጁና የወንድሙ ልጅ ነበሩ። ውጊያው አላለቀምና ሞቴን አትናገሩ አላቸው። እነሱም በጨርቅ ሸፍነውት ከበሮውን እያስመቱ ትእዛዙን በእሱ ስም አስተላለፉ። ቸን ሊን እንኳ መሞቱን ያወቀው ውጊያው ካለቀ በኋላ ነው። 53 ዓመቱ ነበር።

ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1643 ቹንግሙ የሚል የክብር ስም ተሰጠው፤ ትርጉሙ ታማኝና ጀግና እንደ ማለት ነው። ዛሬ በኮሪያ 100 ዎን ሳንቲም ላይ ምስሉ አለ። በሴኡል መካከል የቆመው ሐውልቱ በ1968 ነው የተመረቀው። በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያን ጎብኝተው ቹንቾን በምትባለው ከተማ ለቃኘው ዘማቾች የተሠራው ሐውልት ሲመረቅ ተገኝተዋል። ከሰፈራችን የዘማች ቤተሰቦች አንዱ የዚያን ሐውልት ፎቶግራፍ ስለሰጡን በዚህ ሰሌዳ በስተግራ በኩል ለጥፈነዋል፤ እንዳትነኩት እንለምናለን፣ የሚመለስ ነው።

በመጨረሻም ማስታወቂያ አለን። የማኅበሩ ንብረት ቆጠራ የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በመጋዘኑ ይደረጋል። ንብረት ጠባቂው ራሳቸው፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ ፊርማ ካሰባሰቡት ወገን ሁለት ሰዎች፣ እንዲሁም ከእድሩ አንድ ሽማግሌ በታዛቢነት ይገኛሉ። የገቢና የወጪ መዝገቡ ከነገ ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ ክፍት ስለሆነ ማየት የሚፈልግ አባል ሁሉ ከ11 ሰዓት በኋላ እየመጣ ማየት ይችላል። መነጽር የሚያስፈልጋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የድሮው ጸሐፊ እጅ ጽሑፍ ደቃቅ ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ